ለመኪና ማቆሚያ የግጭት መከላከያ ሲመረጥ፦ የተሞላ የብረት ምሰሶ፣ ስቶፐር፣ የማዕዘን ጎማ እና ጋርድሬል ሲነጻጸሩ

የሕንፃ ባለቤት የሆኑ ወይም በኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ውስጥ የሚያገለግሉ ወዳጆቼ በየጊዜው አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልኛል። አንድ መኪና ወደኋላ ሲመለስ ኮለን ገጭቷል፣ የጄኔሬተሩን አጥር ደርምሷል ወይም የምድር ቤቱን ሱቅ መስታወት ሰብሯል፤ ስለዚህ ምን ገዝተን እንትከል ይሉኛል። መልሴን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። መሬት መቆፈር በሚቻልበት ቦታ ሁሉ እዚሁ አገር ተበይዶ በኮንክሪት የሚሞላ የብረት ቱቦ ምሰሶን እመርጣለሁ፤ መቆፈር በማይቻልበት ቤዝመንት ደግሞ እዚያው በካሳፎርማ (ኮንክሪት በሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) የሚጣለውን የኮንክሪት ስቶፐር፣ ማለትም የመኪናውን ጎማ የሚይዘውን ዝቅተኛ እርከን፣ እመርጣለሁ። ከውጭ የሚመጡት የጎማና የፕላስቲክ ዕቃዎች የሚጠቅሙበት ቦታ አለ፤ ነገር ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ ዋጋቸውም ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በእጅጉ ከፍ ብሏል።

ይህን በጽሑፍ እንዳስቀምጠው ያነሣሣኝ በቅርብ የማውቀው አንድ ኮሚቴ የፈጸመው ግዢ ነው። የጄኔሬተራቸውንና የሮቷቸውን ፊት ለመከለል ቢጫ ቀለም ያላቸውና አንጸባራቂ ቀለበት የተጠመጠመባቸው የፕላስቲክ ምሰሶዎች ገዙ። ዕቃዎቹ ሲታዩ ያምራሉ፣ ሻጩም «የመኪና መከላከያ» ብሎ ነበር የሸጠላቸው። በእርግጥ ግን እነዚህ ምሰሶዎች የተሠሩት መኪና ሲነካቸው ተኝተው እንዲነሡ ነው፤ ሥራቸው ለሾፌሩ መስመር ማሳየት እንጂ መኪና ማስቆም አይደለም። አንድ ሚኒባስ ወደኋላ ሲመለስ ሦስቱን ረግጦ አለፈና የሮቶውን ማቆሚያ ብረት አጣመመ። የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ ባከነ፤ በዚያው ገንዘብ ቁጥራቸው ያነሰ ቢሆንም በእርግጥ የሚያቆሙ የብረት ምሰሶዎችን መትከል ይቻል ነበር። ስለዚህ ለማንኛውም ሻጭ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ዕቃው ሲገጭ ይተኛል፣ ይጣመማል ወይስ ቆሞ ይቀራል የሚለው ነው። ይህን መመለስ የማይችል ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም።

ከዋጋ በፊት ስለ ጉልበት ጥቂት መናገር ግድ ይላል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚገምተው አሳንሶ ነው። የሚሮጥ መኪና የሚሸከመው ጉልበት ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከተሳፋሪው ጋር 1,100 ኪሎ የሚመዝን ቪትዝ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሲገጭ 4,200 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይዞ ይመጣል፤ 2,200 ኪሎ የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲገጭ ግን 34,000 ጁል ገደማ፣ ማለትም ስምንት እጥፍ ይዞ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግቢዎቻችን ውስጥ የሚቆሙት መኪኖች እየከበዱ መጥተዋል፤ ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናልና። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ፔዳሉ እንደተረገጠ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ፍሬን የረገጠ የመሰለው ሾፌር ነዳጅ መስጫ የነበረውን ፔዳል ቢረግጥ በጥቂት ሜትር ውስጥ ከባድ ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ከአሥር ዓመት በፊት ለቪትዝና ለኮሮላ ይበቃ የነበረው መከላከያ ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

አሁን ወደ ብረቱ ዋጋ ልግባ። ቱቦ የሚሸጠው በተለምዶ «ባለ 4 ኢንች» ተብሎ ነው፤ ኢንቹ ግን የስፋት መጠሪያ ነው እንጂ የግድግዳውን ውፍረት አይነግርም፤ የገዢ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። የውጭ ስፋቱ 114 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ከሆነ በሜትር 5.5 ኪሎ ገደማ፣ 3 ሚሊ ከሆነ 8.2 ኪሎ፣ 4 ሚሊ ከሆነ 10.9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 6 ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ዘንግ እንደ ቅደም ተከተሉ 33፣ 49 እና 65 ኪሎ መሆን አለበት። «ባለ 4 ሚሊ ነው» የተባለ ቱቦ ሚዛን ላይ ወጥቶ 50 ኪሎ ቢመጣ 3 ሚሊ መሆኑን ያለ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ማወቅ ይቻላል። የቱቦው ጫፍ ላይ የሚደረግ ልኬት ሲቆረጥ በተፈጠረው ሸካራ ጠርዝ ምክንያት ያሳስታል፤ ሚዛን ግን አያሳስትም። ከውፍረት በታች የሆነ ብረት እንደ ሙሉ ብረት የሚሸጥበት ገበያ ውስጥ በዘንግ ሳይሆን በኪሎ መግዛት ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የብረቱ ኪሎ 150 ብር ነው እንበልና 2 ሜትር ርዝመት ላለው አንድ ምሰሶ ባለ 4 ሚሊው ቱቦ 3,255 ብር፣ ባለ 2 ሚሊው ደግሞ 1,656 ብር ያወጣል። ልዩነቱ 1,600 ብር ገደማ ነው፤ ቁፋሮው፣ ሲሚንቶው፣ ብየዳውና ቀለሙ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ቀጭኑን የመረጠ ሰው ከጠቅላላ ወጪው ትንሽ ክፍል ብቻ አተረፈ፤ ምሰሶው መታጠፍን የሚቋቋምበትን አቅም ግን በግማሽ አካባቢ ቀነሰ። ርዝመቱም ቢሆን የዋጋ ጉዳይ ነው። ባለ 6 ሜትሩ ዘንግ ለሦስት ባለ 2 ሜትር ወይም ለአራት ባለ 1.5 ሜትር ምሰሶ ያለ ትርፍራፊ ይከፈላል፤ በያጁ «ትንሽ ይርዘም» ብሎ 2 ሜትር ከ10 ቢቆርጠው ግን ከአንድ ዘንግ ሁለት ምሰሶ ብቻ ይወጣና የቀረው 1.8 ሜትር በቁርጥራጭ ዋጋ ይሄዳል። ለቤት መኪኖች ብቻ በሆነ ግቢ 90 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በታች የሆነው ባለ 1.5 ሜትር ምሰሶ ያገለግላል። አይሱዙ የሚገባበት ከሆነ፣ ወይም ከምሰሶው በስተጀርባ ትራንስፎርመርና ጄኔሬተር ካለ፣ 1.2 ሜትር ከላይ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ከታች እንዲሆን እመክራለሁ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ቱቦውም ባለ 6 ኢንች ቢሆን ይመረጣል።

ሙሌቱን በተመለከተ ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ ቱቦውን ባዶ አድርገው አናቱ ላይ ላሜራ ያስበይዱበታል። ይህ የማልስማማበት ቁጠባ ነው። ቱቦ ሲገጭ መጀመሪያ የሚሆነው ግድግዳው ወደ ውስጥ መጨማደድ ነው፤ ከተጨማደደ በኋላ በቀላሉ ይታጠፋል። ውስጡ ያለው ኮንክሪት ይህን መጨማደድ ይከለክላል፤ ከዚህም ሌላ ባዶ ቱቦ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት ብረቱን ከውስጥ፣ ማንም በማያይበት በኩል ይበላዋል። ለ2 ሜትር ምሰሶ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ጉድጓድና የቱቦውን ውስጥ ለመሙላት አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል፤ ስለዚህ ሙሌቱን መዝለል የሚያስቀረው ገንዘብ ከከረጢቱ ጥቂቱን ብቻ ነው። የቱቦው የታችኛው ጫፍ ላይ ሁለት ቁራጭ ባለ 12 ፌሮ በመስቀልያ ማስበየድ ምሰሶው እንዳይነቀልና እንዳይዞር ያደርገዋል። ቦሌ አካባቢ እንዳለው በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ጉድጓዱን ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ከመቆፈሩ በፊትም የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር የት እንደሚያልፍ ማጣራት ይገባል።

የጥገና ልምድ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ምሰሶ በአብዛኛው የሚሞተው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ መሆኑን ነው። ውኃ እዚያ ይቋጥራል፣ ቀለሙ እዚያ ይላጣል፣ ብረቱም እዚያ ይሳሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ የኮንክሪቱ መሠረት ከመሬቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል፣ አናቱም በተመሳሳይ ሁኔታ ሾጠጥ ተደርጎ ይለሰናል፣ ብረቱ ደግሞ ከመቀበሩ በፊት መሬት የሚገናኝበትን ጨምሮ ሁለት ጊዜ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባል። ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ከተከሉ በኋላ ስለሚቀቡ ዋናው ቦታ ሳይቀባ ይቀራል።

በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ክፍተት ከዋጋው ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቪትዝ 1.7 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ክፍተቱ 1.5 ሜትር ቢሆን መኪናው አያልፍም፣ ባጃጅ ግን ያልፋል። ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ያለው ክፍተት ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው እንዲያልፍ እየፈቀደ መኪናንም ባጃጅንም ይከለክላል። ከዚያ በታች ማጥበብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰውንም ያስቸግራል።

ቤዝመንት ውስጥ ጉዳዩ ይለወጣል። ከሥሩ ሌላ ወለል ያለው ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ላይ 80 ሳንቲ ሜትር መቆፈር አይቻልም፤ ስለዚህ ሻጮች ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት የተበየደበትና በአራት ብሎን የሚታሰር ምሰሶ ያቀርባሉ። እኔ ይህን ዓይነቱን አልወደውም። ምሰሶው ሲገጭ ሙሉው ጉልበት በአራቱ ብሎኖች በኩል ወደ ሶሌታው ይሄዳል፤ ብሎኖቹ አጭር ከሆኑ ይነቀላሉ፣ ጠንካራ ከሆኑ ደግሞ የሶሌታውን ኮንክሪት በትልቅ ቁራጭ ይዘው ይወጣሉ። የምሰሶው ዋጋ ትንሽ ሲሆን የሶሌታው ጥገና ግን ብዙ ነው። የግድ ከሆነ የሥሩ ብረት ውፍረት ቢያንስ 15 ሚሊ ይሁን፣ ብሎኖቹም በተራ ፊሸር ሳይሆን ብሎኑን ከኮንክሪቱ ጋር በሚያጣብቅ ኬሚካል አንከር ይታሰሩ፤ የሚቻል ከሆነም ብቻውን ከሚቆም ምሰሶ ይልቅ ጉልበቱን ለብዙ እግር የሚያካፍል አግድም ብረት ይሁን። ከላዩ ውኃ የሚፈስበት፣ ከሥሩም ውኃ መከላከያ ሽፋን የተነጠፈበት ሶሌታ ከሆነ ግን ምንም ቀዳዳ መሥራት አይገባም፤ አንድ ቀዳዳ የሚያመጣው ፍሳሽ ዋጋ ከመከላከያዎቹ ሁሉ በላይ ነው።

እንዲህ ባለው ቦታ መኪናው ኮለኑ ወይም ግድግዳው ጋር ከመድረሱ በፊት ጎማውን የሚይዝ ስቶፐር ከሁሉ ያዋጣል። እዚያው የሚጣለው የኮንክሪት ስቶፐር 1.6 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው 58 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ አምስት ያህል ይወጣል፤ ውስጡ ሁለት ባለ 10 ፌሮ ይበቃዋል። ካሳፎርማው ተደጋግሞ ስለሚያገለግል ሃያ ስቶፐር የሚያሠራ ሰው ለአንዱ የሚከፍለው ሁለት ብቻ ከሚያሠራው በጣም ያነሰ ነው። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ዝቅ ያሉ መኪኖችን ፓራውልት ይነቅላል፣ ባትሪያቸው ከሥር የተነጠፈ የኤሌክትሪክ መኪኖችንም ለአደጋ ያጋልጣል። ከግድግዳው ያለው ርቀት 75 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለትንንሽ መኪኖች ይበቃል፤ ላንድ ክሩዘር በኋላው ገብቶ የሚቆምበት ከሆነ ግን ከ1 ሜትር በላይ መተው ያስፈልጋል፤ ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ያለው አካሉ ረጅም ነውና። ከሥሩ ውኃ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ መተውም አይረሳ፤ አለበለዚያ ከመኪናው የተንጠባጠበውና ጽዳት የተደረገበት ውኃ ሁሉ ከጀርባው ይተኛል።

ከውጭ የሚመጣው የጎማ ስቶፐር የራሱ መልካም ጎን አለው። ቀላል ነው፣ አይሸራረፍም፣ ተፈትቶ ሌላ ቦታ ሊታሰር ይችላል፤ ስለዚህ ሕንፃ ተከራይቶ ለሚሠራ ሰው ተገቢ ነው እላለሁ። ችግሩ ገበያ ላይ ካሉት ውስጥ ብዙዎቹ ደካማ ቅጂዎች መሆናቸው ነው። ደህናው ዓይነት ከተፈጨ ጎማ በከፍተኛ ግፊት የተጋገረና በቁልፍ ሲፋቅ የማይፈረፈር ነው፤ ቢጫው መስመርም ከጎማው ጋር አብሮ የተጋገረ ነው። ደካማው ሲፋቅ ጥቁር ዱቄት ይወጣዋል፣ ጠንከር ያለ ሽታ አለው፣ ተገልብጦ ሲታይ ሆዱ ባዶ ነው፣ ቢጫው መስመርም የተለጠፈ ስለሆነ ከአንድ ክረምት በኋላ ይላጣል። የሚያሳዝነው ደግሞ ደህናው እንኳ አብሮት በሚመጣ አጭር ብሎንና በፕላስቲክ ፊሸር ታስሮ ብዙ ሳይቆይ መነቀሉ ነው። የጎማውን ከፍታ አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ በቂ ጥልቀት የሚገባ ባለ 12 ሚሊ ብሎን ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል፤ ይህም ዋጋው ላይ ሲደመር የኮንክሪቱ ብልጫ ይበልጥ ይታያል። ሁለቱም ዓይነት ስቶፐሮች ግን አንድ ገደብ አላቸው፤ በቀስታ የሚመጣን መኪና ይይዛሉ እንጂ ፔዳል ተሳስቶ የተፈተለከን መኪና አያቆሙም፤ ጎማው 10 ሳንቲ ሜትሩን ዘሎ ያልፋል። ሱቅ፣ ጄኔሬተር ወይም ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት ስቶፐር ብቻ አስቀምጦ መተማመን አደገኛ ነው።

ኮለን ላይ የሚለጠፉት የማዕዘን ጎማዎችና ስፖንጆች የሚጠብቁት የመኪናውን በርና የኮለኑን ልስን ነው። ለዚህ ሥራ ርካሹ ይበቃልና ውዱን መግዛት አያስፈልግም፤ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያለውን የፓራውልት ከፍታ እንዲሸፍን ከታች ጀምሮ መለጠፉን ብቻ ማረጋገጥ ነው። ኮለኑን ከግጭት አዳነ ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ የተመሠረተበት ዩሮኮድ (የአውሮፓ የግንባታ ደረጃ)፣ የቤት መኪኖች በሚገቡበት ማቆሚያ ያለ ኮለን በመኪናው ጉዞ አቅጣጫ 50 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ5 ቶን ክብደት ያህል ግፊት፣ የጭነት መኪና በሚገባበት ደግሞ 150 ኪሎ ኒውተን እንዲታሰብለት ያደርጋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ከዚህ ኃይል ላይ የሚቀንሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ኮለን ተገጭቶ ፌሮው ከታየ ወይም ስንጥቅ ካለው ልስን ለስኖ መሸፈን ሳይሆን መሐንዲስ ጠርቶ ማሳየት ይገባል።

ጋርድሬል፣ ማለትም አውራ ጎዳና ዳር የምናየው ባለሞገድ ብረት፣ በረጅም መስመር ላይ ጥሩ ምርጫ ነው። ሲገጭ እየታጠፈ ጉልበቱን ይቀበላል፣ መኪናውንም ከምሰሶ ያነሰ ይጎዳል፣ የተጎዳውም ቁራጭ ብቻ ተፈትቶ ይቀየራል። ከጀርባው ግን የሚታጠፍበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ከግድግዳ ወይም ከጄኔሬተር ጋር አስጠግቶ መትከል ጥቅሙን ያሳጣዋል። ለአምስትና ለስድስት ሜትር ብቻ ከሆነ ማያያዣውና እግሮቹ ዋጋውን ስለሚያስወድዱት ምሰሶ ይረክሳል። ደረሰኝ የሌለውን አሮጌ ጋርድሬል መግዛት በፍጹም አይገባም፤ ከሕዝብ መንገድ ላይ የተነቀለ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ በመጥፋቱም ሰው ሊሞት ይችላል።

ፎቅ ላይ ባለ የመኪና ማቆሚያ ጠርዝ የሚቆመው መከላከያ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። እዚያ የሚጠበቀው ዕቃ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ያለውና ከሥር የሚያልፈው ሰው ነው። ዩሮኮዱ ከ2,500 ኪሎ የማይበልጡ መኪኖች በሚገቡበት ቦታ የማይታጠፍ መከላከያ ከወለሉ 37.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ 150 ኪሎ ኒውተን እንዲሸከም ይጠይቃል። በባዶ ብሎኬት የተገነባና ፌሮ የሌለው ግድግዳ ይህን አይሸከምም፤ በዚያ ላይ የሚበየድ ጌጠኛ የብረት አጥርም እንዲሁ። ሌላው ነገር ሁሉ በቁጠባ ቢሠራ እንኳ እዚህ ላይ የመሐንዲስ ስሌትና ፊርማ ሳይኖር አንድ ብር መውጣት የለበትም፤ ስሌቱም የዛሬዎቹን ከባድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ያገናዘበ መሆኑ ይጠየቅ።

በመጨረሻ ከበያጅ ጋር ስለሚደረገው ውል። ክፍያውን በምሰሶ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በቱቦው ኪሎ ተዋዋሉ፤ የቱቦው ውፍረት፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና የአንቲረስቱ ብዛት በጽሑፍ ይሁን። ከኮሚቴው አንድ ሰው ቱቦው ሲመዘንና ጉድጓዱ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሲለካ ይገኝ፤ ከተሞላ በኋላ 60 ይሁን 30 ሳንቲ ሜትር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቀሪው ክፍያ ኮንክሪቱ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ ጠጥቶ ከጠነከረ በኋላ የሚከፈል ይሁን፤ እስከዚያም ድረስ መኪና እንዳይጠጋው ገመድ ይታሰርበት።